ዓይነ አፋር ማን ነው? አንድ ቃል የተሸከማቸው ብዙ ሰዎች

እንግዳ ቤት ትገባለች። የአራት ዓመቷ ልጅ ሮጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትሸጎጣለች። እንግዳዋ «ነይ ሳሚኝ እንጂ» ትላለች። ልጅቷ የቀሚሱን ጫፍ ጭብጥ አድርጋ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ ታያለች። እናት ሳቅ ብላ «ተያት፣ አይናፋር ናት» ትላለች። ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ቃል ሌላ ቦታ ይመጣል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ አቀርቅራ የመለሰችው አመልካች «ጎበዝ ናት፣ ግን አይናፋር ናት» ተብላ ትታለፋለች። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ቤተሰብ ስለ እሷ ሲያጠያይቅ ደግሞ «እሷማ ጨዋ ልጅ ናት፣ አይናፋር» ይባልላታል። አንዱ ጋ ጉድለት ሆነ፣ ሌላው ጋ ምስጋና። ልጅቷ ግን ያችው ናት።

ይህ ግራ መጋባት አዲስ አይደለም። አሁን አሁን ግን ጎላ ብሏል። ወላጆች «ልጄ አይናፋር ነው፣ ምን ላድርገው?» ብለው ይጨነቃሉ። የሥራ ማስታወቂያው «ተግባቢ» ሰው ይፈልጋል። ወጣቱ ደግሞ «እኔ አይናፋር አይደለሁም፣ ኢንትሮቨርት ነኝ»፣ ማለትም ብቻዬን መሆን የሚስማማኝ ሰው ነኝ፣ እያለ ራሱን ከቃሉ ያወጣል። በዚህ ሁሉ መሃል ቃሉ ራሱ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ብዙ የለም። እኔ እንደሚገባኝ ዓይነ አፋር የሚለው ቃል የሚናገረው ሰው ፊት ስንቆም ዓይናችን ስለሚሆነው ነገር ነው። እኛ ግን ጠባዩንም፣ አስተዳደጉንም፣ ትሕትናውንም፣ አንዳንዴ ሕመሙንም ሁሉ ጭነንበታል። ጭነቱን የሚሸከመው ደግሞ ቃሉ ሳይሆን በቃሉ የተጠራው ሰው ነው።

ቃሉ ከምን ተሠራ

ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ዓይነ» ነው። ዓይን የሚለው ስም መጨረሻው ከሳድስ («ን») ወደ ግእዝ («ነ») ተለውጦ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ሲያያዝ «ዓይነ» ይሆናል። በግእዝ ሰዋስው ተናባቢ የሚባለው ይሄ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ልበ ሙሉ፣ አፈ ጮሌ፣ ዓይነ ስውር የምንለው ሁሉ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው «አፋር» ነው፤ «አፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ። የግእዙ ሥር «ኀፈረ» ነው። አማርኛ መጀመሪያ ላይ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ «አፈረ» ሲል፣ ስሙን ግን በሁለት መልኩ ይዞታል፦ የራሱ «እፍረት» አለ፣ ከግእዝ ያቆየው «ሐፍረት»ም አለ። ትግርኛ ድምፁን አልጣለም፣ «ሓፋር» ይላል። ዐረብኛም ከዚሁ ሥር «ኸፈር» የሚል ቃል አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረውም ለሴት ልጅ ቁጥብነትና እፍረት ነው። ሥሩ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው ማለት ነው።

ትግርኛ «ሓፋር» ብሎ ብቻውን ያቆመዋል። አማርኛ ግን አፋርን ብቻውን ብዙ አይጠቀምበትም። «እሱ አፋር ነው» ብትል ሰሚው የአፋር ተወላጅ ነው ያልከው ነው የሚመስለው። (የሕዝቡ ስም ከማፈር ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ በፊደል መገጣጠም ብቻ ነው።) ስለዚህ ቃሉ ዓይንን ይዞ ነው የሚሄደው። ስናወራ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው «ዓይናፋር» ይሆናሉ፤ አጻጻፉም በዚሁ ተከፋፍሏል፣ አንዱ «ዓይነ አፋር» ብሎ ለይቶ ይጽፋል፣ ሌላው «ዓይናፋር» ወይም «አይናፋር» ብሎ ይገጥማል። ሁለቱም ያግባባሉ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ መቀላቀል ግን አንባቢን ያደናቅፋል። ለወንድም ለሴትም አይለወጥም፣ ሲበዛ «ዓይነ አፋሮች»፣ ጠባዩ ሲጠራ «ዓይነ አፋርነት» ነው።

ለምን ዓይን?

ያፈረ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሽምቅቅ ይላል። አማርኛ ከዚህ ሁሉ ዓይንን መርጧል። ምርጫው ያለ ምክንያት የሆነ አይመስለኝም። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ስሜት መገለጫዎች ባሳተመው ጥናት ፊት መቅላትን ከመገለጫዎች ሁሉ ለሰው ልጅ ብቻ የተለየ አድርጎ ዓይቶታል፤ ያፈረ ሰው የሌላውን ዓይን መቋቋም አቅቶት ፊቱን ወይም ዓይኑን እንደሚያዞርም ጽፏል። ፊት መቅላት በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ አይታይም። ዓይን መስበር ግን በማንም ላይ ይታያል።

ቋንቋችንን ልብ ብሎ ለሰማ ደግሞ የእፍረት መቀመጫው ዓይን ነው። የበደልነውን ሰው ማግኘት ሲከብደን «በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» እንላለን። የሚከብደን እሱ እኛን ማየቱ ብቻ አይደለም፣ እኛ እሱን ማየታችንም ነው። ጥፋቱን ሠርቶ ምንም ሳይመስለው የመጣውን «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» እንለዋለን። ሐፍረት የሌለው ዓይነ ደረቅ ነው፣ ዓይን አውጣ ነው። ዐይን ያወጣ ውሸትም አለ። ዓይነ አፋር የሚለውም የነዚህ ሁሉ ዘመድ ነው፤ በተቃራኒው ወገን የቆመ ዘመድ።

ነገሩ የሚፈታው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቃሉ ምስጋና ወይም ነቀፋ የሚሆነው ተናጋሪው በልቡ በያዘው ተቃራኒ ነው። በልቡ «ዓይን አውጣ» ካለ፣ ዓይነ አፋር ምስጋና ይሆናል፤ ያላበደች፣ ሰው የምታከብር፣ ገደብ የምታውቅ ማለቱ ነው። በልቡ «ተግባቢ» ካለ ደግሞ ጉድለት ይሆናል፤ ደንበኛ ማናገር የማትችል፣ ስብሰባ ላይ የማትናገር። ሽማግሌ ላኪው ቤተሰብና ቀጣሪው ያልተግባቡት በልጅቷ ላይ አይደለም። አንዱ ከዓይን አውጣ ጋር፣ ሌላው ከተግባቢ ጋር ስላነጻጸራት ነው።

ጎረቤት ቃላት

ዓይነ አፋር ብቻውን አይኖርም። ዙሪያውን ብዙ ጎረቤት አለው፣ ድንበሩም በየጊዜው ይገፋል።

በጣም የሚቀርበው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ከሰዎች ንግግር የተሠራ ስም ነው፤ «ይሉኛል» ከሚለው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ መጠንቀቅ። ልብ ካልን ይሉኝታ የጆሮ ነገር ነው፣ ዓይነ አፋርነት የዓይን። ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ደፋር፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሌለውን ገንዘብ ያበድራል፣ ያልፈለገውን ድግስ ይደግሳል፣ እምቢ ማለት ያቅተዋል። ዓይነ አፋሩ ደግሞ ፊት ለፊት ሲሆን ነው የሚቸገረው። ስልክ ይዞ ወይም መልእክት እየጻፈ ሲሆን ብዙዎቹ ሌላ ሰው ይሆናሉ፣ ቀልዱም ክርክሩም ይመጣል። ይሉኝታ ግን በስልክም ይከተላል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

ትሑት የሚለው ሌላ ነው። ሥሩ ግእዙ «ታሕት»፣ ታች ማለት ነው። ትሑት ሰው ቦታውን ዝቅ የሚያደርገው አውቆ ነው። ሺህ ሰው ፊት ቆሞ ሳይንቀጠቀጥ ተናግሮ፣ ሲጨርስ ምስጋናውን ለባልደረቦቹ የሚሰጥ ሰው ትሑት ነው፣ ዓይነ አፋር ግን አይደለም። በሌላ በኩል ዓይነ አፋር ሆኖ ትሑት ያልሆነም አለ። ዝም የሚለው ሰው ፊት መሳሳትን መሸከም ስለማይችል ነው፤ ውስጡ ግን ለራሱ የሰጠው ግምት ትልቅ ነው። ዝም ያለን ሁሉ ትሑት ብለን ስንጠራ ይሄኛውን ያለ ሥራው እናመሰግነዋለን።

ጨዋ የሚለው ታሪኩ ረጅም ነው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልዘለቀውን ምእመንም ጨዋ ይሉታል። ዛሬ ስንለው ግን አስተዳደጉ ያማረ፣ ሰው የማይደፍር ማለታችን ነው። ጨዋነት ከቤት የሚማሩት ነገር ነው። ዓይነ አፋርነት ግን ብዙ ጊዜ ሳይማሩት የሚመጣ ነው። ሰፈሩን ሁሉ በሳቅ የምታደምቅ፣ ግን ሰው የማታስቀይም ጨዋ ልጅ ሞልታለች።

ጭምትና ቁጥብ ደግሞ ምርጫ አለባቸው። ጭምት ሰው ዝም የሚለው ፈርቶ አይደለም፣ ሲጠይቁት በቅጡ ይመልሳል። መሽኮርመምና መግደርደር የጠባይ ስም ሳይሆኑ የአንድ ጊዜ ሁኔታ ናቸው። የሚግደረደር እንግዳ «ጠግቤያለሁ» የሚለው እየራበው ነው፤ ሁለቴ ሦስቴ እንደሚለመን ያውቃል፣ ለማኙም ያውቃል። ይሄ ደንቡ የታወቀ ጨዋታ ነው እንጂ እፍረት አይደለም።

ደንብ ነው ወይስ ስሜት?

በእኛ አገር ልማድ ታላቅን ዓይን ዓይኑን እያዩ መመለስ ድፍረት ነው። አባት ሲቆጣ ልጅ መሬት መሬት ያያል። መምህር ሲገሥጽ ተማሪ ያቀረቅራል። ይህን ያደረገ ልጅ አፍሮ ላይሆን ይችላል፤ ደንቡን እየጠበቀ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ማንም የማይቀድመው አፈኛ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ዓይነ አፋር የሚለው ቃል የሚያየው የዓይኑን ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ደንብ ጠብቆ ያቀረቀረውና ልቡ እየመታ፣ እጁ እያላበው ያቀረቀረው ለተመልካች አንድ ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ ሰውየውን ከእኩዮቹ ጋር ማየት ያስፈልጋል። ከታላቅ ፊት ብቻ ዝም የሚል ልማዱን የሚጠብቅ ነው። ከእኩያውም፣ ከማያውቀው ሻጭም፣ መንገድ ከሚጠይቀውም ፊት ቃል የሚጠፋው ግን በእርግጥ ዓይነ አፋር ነው።

የሚጎዳው ሰው የሚበዛው ደግሞ ደንቡ ከማይታወቅበት ቦታ ሲገባ ነው። የውጭ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ «ዓይን ለዓይን አያይም» ተብሎ ነጥብ የሚቀነስበት ሰው፣ ምናልባት ያደረገው በቤቱ ሲመሰገንበት የኖረውን ነገር ነው።

ከውጭ የመጡት ቃላት

ኢንትሮቨርት የሚለውን ቃልና ተቃራኒውን ኤክስትሮቨርትን በሥነ ልቦና ውስጥ ያስለመደው የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው። ሐሳቡ ባጭሩ የሰው ትኩረትና ጉልበት ወደ ውስጥ ያዘነብላል ወይስ ወደ ውጭ የሚል ነው። ዛሬ በተለምዶ ኢንትሮቨርት የሚባለው ብዙ ሰው መሃል ሲውል የሚደክመው፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ሲሆን የሚታደስ ነው። እዚህ ውስጥ ፍርሃት የለም። ከድግሱ በጊዜ የሚወጣው ስለደከመው እንጂ ስላፈረ አይደለም። የእኛው ጭምት ለዚህ ሩቅ አይደለም፣ እንዲያውም ብዙው ወጣት ኢንትሮቨርት እያለ የሚፈልገው ጭምት የሚለውን ይመስለኛል። ጭምት ግን የገዳምና የሽማግሌ ሽታ ስላለው ለሃያ ዓመት ልጅ አልመች ብሏል።

ዓይነ አፋሩ በተቃራኒው መቀላቀል ይፈልጋል። ድግሱ ላይ መቆየት፣ መጫወት፣ ያችን ልጅ ማናገር ይፈልጋል። ግን ያቅተዋል። «አይናፋር አይደለሁም፣ ኢንትሮቨርት ነኝ» የሚለው ሰው አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የሚያስቸግረውን ነገር ደስ በሚል ስም ሸፍኖት ነው። ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፦ ፈልጌ ቀረሁ ወይስ ፈርቼ ቀረሁ?

ሦስተኛው ቃል ሶሻል አንግዛይቲ ነው፤ በአማርኛ ማኅበራዊ ጭንቀት ልንለው እንችላለን። ይሄ የሐኪም ቃል ነው። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ውስጥ ማኅበራዊ ፍርሃት በሚል ስም ራሱን ችሎ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው እትም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ግንኙነትን የሚያውክ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል። ሰው ፊት መብላት የሚያቅተው፣ ስሙ እንዳይጠራ ከክፍል የሚቀር፣ ፊርማ ሲፈርም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ዓይነ አፋር ብቻ አይደለም። በሐሳብና በልምምድ ላይ የተመሠረተ የሥነ ልቦና ሕክምና አለው፣ ይረዳልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለውን ሰው «አይናፋር ነው» ብሎ ማለፍ ሕመሙን መደበቅ ነው። የተገላቢጦሹም ያሳስበኛል። ልጁ እንግዳ ስለሸሸ ብቻ በሽታ የሚለጠፍበት ቤት እየበዛ ነው።

ምን ያህል ሰው ዓይነ አፋር ነው? በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ዚምባርዶ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ሲጠይቅ 40 በመቶ አካባቢ አሁን ዓይነ አፋር ነኝ ብለዋል፤ ከ80 በመቶ በላይ ደግሞ በሕይወታቸው የሆነ ጊዜ እንደነበሩ ተናግረዋል። ዓይን አውጣ ነው እያልን በምናማው አገር ማለት ነው። ጠባዩ ከየት ይመጣል ለሚለው የሃርቫርዱ ጀሮም ኬገን ሕፃናትን ከአራት ወራቸው ጀምሮ ተከታትሏል። ከአምስት አንዱ ገደማ ለአዲስ ድምፅና ለአዲስ ነገር ከሌሎቹ ይልቅ ይበረግጉ ነበር፣ እነዚህም ሲያድጉ አዲስ ሰውን የመሸሽ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ሆነ። ሁሉም ግን እንዲያ ሆነው አልቀሩም። ተፈጥሮው ዘንበል ያደርጋል እንጂ አይፈርድም።

ወደ እናትየዋ ንግግር ልመለስ። «አፈረች» እና «አይናፋር ናት» የሚሉት ሁለቱ አንድ አይደሉም። «አፈረች» ግስ ነው፤ ጊዜ አለው፣ ቦታ አለው፣ ያልፋል። «አይናፋር ናት» ስም ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም አብሯት ይሄዳል። ልጆች ስለ ራሳቸው ብዙውን የሚያውቁት ከወላጅ አፍ ሰምተው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ የሰማች ልጅ ቀሚሱን የምትይዘው ስለፈራች ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ስሟ ስለሆነም ትይዛለች። «ገና አልለመደችሽም» የሚሉ እናቶች አሉ። እሱ ያልፋል።

አፋርና ደፋር፦ ለማን ሲባል?

አማርኛ አፋርን ከደፋር ጋር ያጋጥማል፣ ቤትም ይመታሉ። ደፋርም እንደ አፋር ሁለት ፊት አለው። ለወታደር «ደፋር» ምስጋና ነው። መልስ ለመለሰ ልጅ «ደፋር!» ሲባል ግን ቀጥሎ ጥፊ ሊመጣ ይችላል። «ደፋር ሴት» ደግሞ እንደ ተናጋሪው ነው፤ በመድረክ አድናቆት፣ በሰፈር ወቀሳ። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረት ራሱ አድናቆትና ትዝብት ተቀላቅለውበታል።

ዓይነ አፋርነትን የሚከላከሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። አፍ እንዳመጣ በሚነገርበት ዘመን የሚያፍር ሰው መኖሩ ለሁሉም ይጠቅማል ይላሉ። ሐፍረት ሰውን ከሰው ንብረት፣ ከሰው ክብር ያርቀዋል። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዝምታን ጭራሽ አያምኑትም፤ «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» የሚል ተረት አላቸው። ያቀረቀረ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም ነው ነገሩ። ሦስተኛዎቹ፣ በተለይ የከተማ ወላጆችና አሠልጣኞች፣ «ኮንፊደንስ» የሚሉት በራስ መተማመን ካልተገነባ ልጁ ይበላል ይላሉ።

እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የምስማማው ሐፍረት ያስፈልጋል በሚለው ነው። ጥፋት ሲሠሩ ማፈርና ምንም ሳያጠፉ ማፈር ግን ሁለት ነገር ናቸው። የመጀመሪያው ሕሊና ነው። ሁለተኛው ዓይነ አፋርነት ነው፣ ማንንም ከምንም አያርቅም። እንዲያውም እፍረት ሲበዛ ይገለበጣል፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ፆታ ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል። ዓይነ አፋር ወንድ ላይ ሲሆን ቶሎ እንዲለቀው ይፈለጋል። ሴት ላይ ሲሆን እንዲቆይ ይፈለጋል። ልጅቷ ስትሽኮረመም «ወዳዋለች ማለት ነው» ይባላል፣ ዝም ስትል «ዝምታ መስማማት ነው» ይባላል፣ እምቢ ስትል ደግሞ «አፍራ ነው» ይባላል። በዚህ አካሄድ እምቢታዋን የምትገልጽበት ቃል አይቀርላትም። ሕጉ እንዲህ አይልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህንኑ ይደግማል፣ ዕድሜውንም ከ18 ዓመት በታች መሆን የለበትም ብሎ ይወስናል። ነፃና ሙሉ ፈቃድ መሬት ከማየት አይነበብም። ዓይነ አፋር የሚለው ቃል ፈቃድን መተርጎሚያ ሲሆን፣ የቃላት አጠቃቀም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመብት ጉዳይ ይሆናል።

ቃሉ ወዴት እየሄደ ነው?

የአንድ ጠባይ ዋጋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊገለበጥ እንደሚችል የሻንጋይ ልጆች ታሪክ ያሳያል። ሺንዪን ቼን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የከተማዋን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በ1990፣ በ1998 እና በ2002 እ.ኤ.አ. አጥንተዋል። በ1990 ዓይነ አፋር ልጆች በእኩዮቻቸው የሚወደዱ፣ በመምህራን የሚመሰገኑ ነበሩ። በ1998 ውጤቱ ተደበላለቀ። በ2002 ያው ጠባይ ከመገፋት፣ ከትምህርት ችግርና ከድብርት ስሜት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በ12 ዓመት ውስጥ የልጆቹ ተፈጥሮ አልተለወጠም። የተለወጠው ገበያው፣ ውድድሩ፣ ከተማው ነው፤ ራሱን መሸጥ የሚችል ሰው ተፈላጊ ሆነ።

የእኛም ቃል ወደዚያው እያዘነበለ ይመስላል። በከተማ ወጣት አፍ ላይ እፍረት «ሼም» ሆኗል፤ «ሼም ያዘኝ» ይላል። ሼም ግን ይይዝና ይለቃል፣ እንደ «አፈርኩ» ነው፣ የሰው ስም አይሆንም። ዓይነ አፋር የሚለው ደግሞ ወደ «ፋራ» እየተጠጋ ነው፤ አራዳ ያልሆነ፣ ከተማ ያልገባው። በገጠርና በታላላቆች አንደበት ግን አሁንም ምስጋና ነው። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቃል እየተናገሩ ሁለት ነገር ይሰማሉ። አያት «የኔ አይናፋር» ብለው ሲያቆላምጡ፣ ልጁ «ፋራው» የተባለ ይመስለዋል።

ይህ ከቀጠለ ሁለት ነገር ይከተላል ብዬ አስባለሁ። ጭምቱ፣ ትሑቱና ዝምተኛው ሁሉ «ሊታከሙ የሚገባቸው ሰዎች» ውስጥ ይገባሉ፣ ምንም ሳያማቸው። በእውነት የሚጨነቀው ደግሞ «ጠባዩ ነው» ተብሎ ያለ እርዳታ ይቀራል። ትምህርት ቤት ውስጥ ይሄ ከወዲሁ ይታያል፣ ምክንያቱም የክፍል ተሳትፎ ማለት እጅ ማውጣት ብቻ ተደርጎ ስለተያዘ።

መምህሩ ይጠይቃል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ተማሪ መልሱን ደብተሯ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። ዓይኗን አታነሳም። እርሳሱን በጣቶቿ መሃል ታዞረዋለች፣ ጓደኛዋ በክርኗ ነካ ታደርጋታለች፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ ግማሹን ተሳስቶ ይመልሳል። «ጎበዝ፣ ሞክረሃል» ይባላል። አንዳንድ መምህራን ከመጠየቃቸው በፊት ለሁሉም ሁለት ደቂቃ ይሰጣሉ፤ መልሱን ጻፉት ይላሉ፣ ከዚያ ከጎናችሁ ላለው አሳዩ ይላሉ፣ በመጨረሻም በረድፎቹ መሃል እየዞሩ ያነባሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሲደርሱ፣ ልጅቷ ዓይኗን ባታነሳም፣ የእርሳሱ ጽሑፍ ይነበባል።